አባባን ያስገዘትኩበት ራጅ

ይድረስ ጁባ ላለው ታላቅ ወንድሜ ለክንፈሚካኤል፤

እንደምን ሰነበትክልኝ ወንድም ጋሼ? ሙቀቱስ፣ ወባውስ እንዴት አድርጎሃል? ፀደንያስ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ውዳሴስ ጥርስ አበቀለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልህ ግን እንደ ወትሮው አይደለም። አትደንግጥ፣ አባባ በሕይወት አሉ። በስልክ ልነግርህ ደውዬ፣ ገና ሳታነሣው ከየት እንደምጀምር ቢጠፋኝ ዘጋሁት።

እንደምታውቀው ፍኖተ ሰላም ካለው የጥርስ ክሊኒክ ራጅ የማነሣው እኔ ነኝ። ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ አባባ ግራ ጉንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ከጅጋ ተሳፍረው መጡ። ጉንጫቸው ከማበጡ የተነሣ ሌላ ሰው መስለዋል። ሊያስነቅሉ የመጡ መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ ለካስ የፈለጉት በዓሉን የሚያሻግር ማስታገሻ ነው። ካህን ደም ከወጣው እንደማይቀድስ ታውቃለህ። በደብራችን የቀሩት ቀዳሾች ደግሞ እሳቸውና አንድ ቄስ ብቻ ናቸው፤ ከሁለት ቄስ ባነሰ ደግሞ አይቀደስም፤ የዚያን ዕለት ጎረቤቱ ደብር ሁሉ ሚካኤልን ስለሚያነግሥ የሚያውሰን አይገኝም።

ራጁ ደም ያወጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። አያወጣም አልኳቸው። በላስቲክ የተሸፈነችውን ጠፍጣፋ ዕቃ ከጥርሳቸው አጠገብ አስገብቼ አነሣኋቸው፤ ምስሉ ወዲያው ኮምፒዩተሩ ላይ ወጣ። ወንድም ጋሼ፣ ስንቱን ሰው አንስቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ከኋለኛው መንጋጋ ሥር አጥንቱ ተበልቶ ጠቁሯል። ሐኪማችን ዶክተር ያምሮት ምስሉን አጉልታ አየችና፣ ጥርሱ ዛሬውኑ ወጥቶ መግሉ ካልፈሰሰ እብጠቱ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል አለች። አባባ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። ከሚካኤል በኋላ ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አልሰሙኝም።

እልኬን ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ። ምስሉን በስልኬ ይዤ በማግስቱ አገር ወረድኩና በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ባምላኩ ሄድኩ። መምሬ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ መቀደስ ትተዋል። ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው አሉኝ። የተበላው አጥንት ነው፣ ከዘገየ ይገድላቸዋል አልኳቸው። ስልኩን መለሱልኝ። አላመኑኝም ብዬ መልሼ ዘረጋሁላቸው። በመጨረሻ፣ “ጥርሱን ሳያስነቅል ከመቅደስ እንዳይገባ ገዝቸዋለሁ፣ ሂጅና ንገሪው። ለሚካኤል እኔ እቆማለሁ” አሉኝ።

አባባ ግዝቱን ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። የንስሐ አባት ግዝት አይጣስም። የአፌን ውስጥ አደባባይ አወጣሽብኝ አሉኝና ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሱልኝም። ክሊኒኩ ስንደርስ ትንፋሻቸው ማፏጨት ጀምሮ ነበር። ጥርሱ ሲወጣ የፈሰሰውን መግል አልነግርህም። ዶክተር ያምሮት አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው።

በበዓሉ ዕለት አባባ እኔ ቤት ተኝተው ዋሉ። መምሬ ባምላኩ ሰው ደግፏቸው ቀደሱ፤ እስካሁን ከአልጋ አልተነሡም ይባላል። አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምግብ ሳቀርብላቸው ይበላሉ፣ መድኃኒቱን ስሰጣቸው ይውጣሉ፤ እኔን ግን አያናግሩኝም። ነገም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ። ዝምታቸው ግን አንጀቴን ይበላዋል፣ እውነቱን ልንገርህ። ትናንት ደግሜ አነሣኋቸው። እብጠቱ ጎድሏል፤ አጥንቱ እስኪሞላ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ስትጸልይ ስምህን ሳትጠራ አትነሣም። ወንድማችን ስመኘው ጤፍ አጨዳ ላይ ስለሆነ በሰው ሰላም ብሎሃል። ታናሽ እህታችን አይናለም ፎቶ ላክልኝ ትላለች። ፀደንያንና ውዳሴን ሳምልኝ።

አባባ ይህን ስጽፍ አልጋው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ለማን እንደሆነም አልጠየቁኝም። አሁን፣ ልቋጨው ስል፣ “ንግሥቴ፣ አባትህ ደህና ነው ብለሽ ጻፊለት” አሉ።

ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ንግሥቴ አድማሴ
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.