ነጩ እንጉዳይ

ሰኞ
ወርቅነሽ ክፍል አልመጣችም። ቀርታ የማታውቅ ልጅ ናት። ጎረቤቷን ብጠይቃት፣ “እናቷን ከሌሊት ጀምሮ ያስመልሳቸዋል። እንጉዳይ በልተው ነው” አለችኝ። ደብተር እያረምኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ያረምኩትን አላውቀውም።

ዓርብ ያደረግኩትን ልጻፈው። ከጫካው ዳር ሁለት እንጉዳይ ለቅሜ ክፍል አስገባሁ። አንዱ እዚህ ሺሺንዳ ከተማ ሰው ሁሉ የሚበላው፣ ሌላው ነጭ፣ ስሙን የማላውቀው። እንጉዳይ ተክል አይደለም፣ እንስሳም አይደለም፣ ምግቡን ራሱ አይሠራም፣ የሞተውን አበስብሶ ለአፈሩ ይመልሳል አልኩ። “ሁለቱም አንድ ምድብ ናቸው” አልኩ። ወርቅነሽ እጇን አወጣች።
“ቲቸር፣ ታዲያ ነጩም ይበላል?”
ደወል ተደወለ። “ሰኞ” አልኳት።
ሰኞ ዛሬ ነው።

ማክሰኞ
ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ እትዬ አስካለ ተኝተዋል። ትውከትና ተቅማጥ ጨርሷቸዋል። ወርቅነሽ ደህና ናት፤ አልበላችም። ለጾሙ ብላ ቅዳሜ እሷ ናት የለቀመችው። እናቷ ነጩን አይተው፣ “ይሄን አናውቀውም፣ ጣይው” ብለው ነበር። “ቲቸር አንድ ምድብ ናቸው ብላለች” አለቻቸው። “እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ልቅመሰው” ብለው እሑድ ማታ እሳቸው በሉ። ልጃቸውን አስቀድመው አላቀመሱም።

ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን የተቅማጥ መድኃኒት ዱቄት በጥብጬ አጠጣኋቸው። “አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልጄ” አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ
ተሻላቸው! ተነስተው ተቀመጡ፣ አጥሚት ጠጡ። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት።
ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠራኝ። “ግምገማ ላይ እንዳይነሳ ለማንም አታውሪ። ያንን ምዕራፍ ዝለይው።” በአካባቢው ባለ ነገር ታስተምራለች ብሎ በስብሰባ ያመሰገነኝ እሱ ነው። ዝም ማለቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ዓርብ
የእትዬ አስካለ ዓይን ቢጫ ሆኗል።
በሚኒባስ ቦንጋ ሆስፒታል አደረስናቸው። አባትየው ጋሽ ወልዴ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። ሐኪሙ፣ “መርዙ እንዲህ ነው። በሽተኛው የተሻለው ይመስላል፣ ከዚያ ጉበት ይጎዳል። ጅማ እንላካቸው” አለ።
“ማርከሻ የለውም?”
“እዚህ የለንም።”
አምቡላንሱ ውስጥ ለአንድ አስታማሚ ብቻ ነበር ቦታው። ጋሽ ወልዴ ገቡ። ዝናብ እየወረደ እኔና ወርቅነሽ በሩ ላይ ቀረን። እጄን ያዘችኝ። መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ
ወርቅነሽ እኔ ጋ ናት። ጠዋት ፀጉሯን እየሠራሁላት፣ “ጥፋቱ የኔ ነው አይደል?” አለች።
“የኔ ነው” አልኳት።
ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው ማልቀሷን ያወቅኩት።

እሑድ
ጋሽ ወልዴ ከጅማ ደወሉ። ስልኩን ለወርቅነሽ ሰጠኋት። እናትሽ አልባሰባትም፣ አልተሻላትምም፣ ዛሬ በስሜ ጠርታኛለች ብለዋታል። ከዚያ “አስተማሪሽን ስጪኝ” አሉ። ስልኩን ተቀበልኩ።
“ልጅቷ ምሳ በልታለች?” አሉኝ።
“በልታለች።”
“እሺ” ብለው ዘጉት።