ላም ለሌለው ቤት ስለተሰጠ የባዮጋዝ ጉድጓድ

ለተከበሩ የባዮማስ ኃይል ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለወንበርዎም ምቾትን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ የእንጨት ጭስ ዓይኗን ለጎዳው ለባለቤቴ አዝነው እበት ተብላልቶ የማብሰያ ጋዝ እንዲወጣበት በግቢያችን ስላስቆፈሩልን የባዮጋዝ ጉድጓድ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ። ዝርዝሩም የሚከተለው ነው።

1. ባለሙያዎ በመጀመሪያው ቀን ለጉድጓዱ ቦታ ብሎ ማድ ቤታችንን አፈረሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጉድጓዱን አስገነባ፤ በሦስተኛው ሳምንት ፎርም ሲሞላ ደግሞ «ለመሆኑ ስንት ላም አላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ባለቤቴ «አንድ ድመት አለችን» ብትለው፣ ቅር ሳይለው «የቤት እንስሳ፦ አለ» ብሎ ጻፈ። ድመቷ የተጣለባትን ኃላፊነት እስከ ዛሬ አታውቅም።

2. ከወተት ሻጩ ጎረቤታችን ጋር ስላስታረቁን እናመሰግናለን። እበቱን አጥራችን ሥር ስለሚደፋ ስንጣላው የኖርነውን ሰው፣ ዛሬ ያንኑ እበት እንዲሰጠን ደጅ እንጠናዋለን። ባለቤቴ በየማለዳው ባልዲ ይዛ የላሞቹን ጤንነት በየስማቸው ትጠይቃለች፤ እኔም ለውለታው አንዱን ሱሪ አራት ጊዜ ስላሳጠርኩለት ጉልበቱ ላይ ደርሷል።

3. የምረቃውን ቀንማ እንዴት እረሳዋለሁ! ክቡርነትዎ ሪባኑን ቆርጠው በስፌት ክፍሌ ጥግ የተተከለውን ምድጃ ቢከፍቱት ትንፍሽ አላለም። ባለሙያዎ ግን ምን ይሳነዋል! ከመኪናው የጋዝ ሲሊንደር አውርዶ ከመጋረጃው ጀርባ ሸጎጠና ሰማያዊ እሳት ቦግ አደረገ። እርስዎም «ይህ የላሞቻችሁ ልፋት ነው!» ብለው አንድ ሰዓት ተኩል ተናገሩ። ካጨበጨብን በኋላ ሲሊንደሩም ከእርስዎ ጋር ተሳፍሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ደጅ ላይ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ በሌላው ማማሰያ ይዛ፣ እርጥብ እንጨት ስታነድ ከረመች። ቢሮዎ በተመላለስን ቁጥር ባለሙያው «መስክ ላይ ነው» ተባልን፤ የትኛው መስክ እንደሆነ ግን አልተነገረንም። በመጨረሻ ባለቤቴ ተናደደችና ቧንቧውን ከጉድጓዱ እስከ ምድጃው በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው። መገጣጠሚያው ውስጥ ግንበኛው አቧራ እንዳይገባ ብሎ የወተፈውን ካልሲ አገኘች። ካልሲውን ጎትታ አወጣች፤ ቧንቧውን መልሰን ገጠምነው፤ ክፍሉን አናፈስነው፤ ክብሪት ጫረች፤ እሳቱም ያለ ሲሊንደር በራ።

ወዲያው ሻይ አፈላች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ዓይኗ ሳይቀላ ከምድጃ ፊት ስትነሣ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ዕንባ የመጣው ከእኔ ነው። ስለዚህች አንዲት ነገር ክቡርነትዎን ያለ ቀልድ አመሰግናለሁ፤ ስለ ካልሲው ግን ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ነው።

በሄዱበት ሁሉ ሪባን እንዳያጡ፣ መቀስዎም እንዳይዶለዱም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በመዝገብዎ «ሞዴል አርቢ» የተባልኩት ልብስ ሰፊ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለሙያዎ ትናንት ደውሎ በሚቀጥለው ሳምንት ክቡርነትዎ ለልምድ ልውውጥ እንግዶች ይዘው እንደሚመጡ ነግሮናል። ቤታችን ቤትዎ ነው። ጉድጓዱ በላተኛ ስለሆነ ግን እያንዳንዱ እንግዳ አንድ ባልዲ እበት ይዞ እንዲመጣ ባለቤቴ ወስናለች። ክቡርነትዎ ባዶ እጅዎን ይምጡ፤ ንግግርዎ ይበቃናል።