ሦስቴ ካልጠየቁት ሻይ የማይጠጣ ሰፈር

ለውድ እህቴ ለእታለም ቤሪል፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለልሽ? ባርንስሊ ያው ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ አያችሁ? ልጅሽ ጁሊ፣ ባሏ ትሬቨር፣ ትንሿ ፖፒም ሁላችሁ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ቀድሞው ለወጉ አይደለም። አሸንፌሻለሁ! ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ውርርዳችንን መቼም አልረሳሽም። ጡረታዬን አየርላንድ ልኖር ነው ያልኩሽ ቀን፣ «ዓሣ ለማጥመድ መመላለስ ሌላ፣ መኖር ሌላ። እስከ ዓመት ድረስ በርህን የሚያንኳኳ ወዳጅ ካላገኘህ ጓዝህን ጠቅልለህ ትመለሳለህ» ብለሽ አስማልሽኝ። እኔም «ቋንቋው የራሳችን እንግሊዝኛ፤ ምን ይቸግረኛል?» ብዬ ማልኩ። ያኔውኑ «አንቺም ነይና አብረን እንኑር» ብልሽ፣ «አይ፣ እኔ ይቅርብኝ» አልሽ። እኔም እሺ ብዬ ተውኩት።

እውነቱን ልንገርሽና እስከ ኤፕሪል ድረስ ተሸንፌ ነበር። በመጀመሪያው ወር ጎረቤቶቼ ሁሉ ሊጠይቁኝ መጥተዋል። ከአጥሬ ማዶ ላሞች የሚያረባው ፓኪ የሚባል ወንደላጤ ሽማግሌ መጣ። «ሻይ ላፍላልህ?» ስለው «ኧረ ተወው፣ አትቸገር» አለኝ። አልተቸገርኩም። እህቱ ኑላ መጣች፤ «አሁን ጠጥቼ መውጣቴ ነው» አለችኝ፤ ማንቆርቆሪያውን ወደ ቦታው መለስኩት። ታውቂኝ የለ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ወራጅ አለ ወይ ብዬ አንዴ እጠይቃለሁ፣ ከሌለ እነዳለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚባል ደጄን አልረገጠም። ሱቅ ስገባ ስለ ዝናቡ ሁለት ቃል ያወሩኝና ጀርባቸውን ይሰጡኛል። የገና ዕለት ቤቱ በሰው ጢም ብሏል ብዬሽ አልነበር? ዋሸሁሽ። እኔና ሬዲዮው ብቻ ነበርን። ኤፕሪል ሲገባ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት።

ያዳነችኝ ዴርድራ ናት፣ ፖስታ የምታድለው። ያንቺን ደብዳቤ ስትሰጠኝ አላስችለኝ አለና፣ እዚህ አገር ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ጠየቅኳት። «አንተ ሰውዬ፣ ደረቁ ማንቆርቆሪያ እንደምትባል አታውቅም? ፓኪ ጉሮሮው ደርቆ ከቤትህ መውጣቱን ያልነገራት ላም እንኳ የለችም!» አለችኝ።

«እምቢ ያለው እሱ!» አልኩ።

«ስንቴ ጠየቅኸው?»

«አንዴ ነዋ!»

ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አጥሩን ተደገፈች። «በመጀመሪያው እሺ የሚል ሆዳም ነው፤ በሁለተኛው ልቡ እሺ ብሎ አፉ ይግደረደራል፤ የሚቀመጠው በሦስተኛው ነው። አንዴ ብቻ የጠየቀማ፣ ቶሎ ውጣልኝ ያለ ነው» ብላኝ ሄደች። ወይ ውርደት! ለካ ሰፈሩን በሙሉ አንድ በአንድ ከቤቴ አባርሬያለሁ።

በማግስቱ ፓኪን ከአጥሩ ላይ ጠራሁት። ሻይ ስለው አልፈልግም አለ። ትንሽ ቅመስ ስለው ላሞቼ ይጠብቁኛል አለ። «ፓኪ፣ በሞቴ!» አልኩት። «እንግዲህ እንዲህ ካስቸገርከኝ» አለና ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። አራት ኩባያ ጠጣ፣ ኬኬን ጨረሰ፤ ላሞቹ ትዝም አላሉት። ሲወጣ፣ «ማገዶህን እናግዝህ?» አለኝ። እዚህ የሚነደው ከረግረግ ተቆርጦ የሚደርቅ አፈር ነው፤ ያን ሁሉ ብቻዬን ላነሳው ብል ወገቤ በተቆረጠ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሲጠይቀኝ፣ «አልፈልግም አልኩህ እኮ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። አሁን ሁለቴ ተግደረደርኩና በሦስተኛው እሺ አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው በደቦ ወጣልኝ! እስከ ምሳ ድረስ የኔን ማገዶ እያነሱ፣ ንፋስ እንዲያገኘው እያቆሙ ደረደሩልኝ። ከዚያ ሁሉም ኩሽናዬ ገቡ። ወንበር አልቆ ኑላ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች። እኔ በያንዳንዱ ሰው ፊት እየቆምኩ ሦስት ሦስቴ ስለምን ድምፄ ተዘጋ። ዓመቱ ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው ነው እንግዲህ። ቤቴን ሞልተው ሲንጫጩ ሳይ እንባዬ መጣ። ፓኪ አይቶኝ፣ «ኧረ ደረቁ ማንቆርቆሪያ አፈሰሰ!» ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደስታዬን ምን ብዬ ልግለጽልሽ!

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። አንቺንም ነይ ያልኩሽ አንዴ ብቻ ነው። እታለም፣ ነይና አብረን እንኑር። ሐይቁን የምታየው ክፍል ባዶዋን ናት፤ ደረጃም የላት። ይህ ሁለተኛው ነው።

ጁሊን ጉንጯን ሳሚልኝ። ትሬቨርን ቡድኑ በመሸነፉ አጽናኚልኝ። ለፖፒ፣ የፓኪ ጥጃ በስሟ ተጠርታለች በያት።

ሦስተኛውን በወረቀት አልጠይቅሽም። ሐሙስ በመርከብ ተሻግሬ በርሽን አንኳኳለሁ። ያን ከአልጋ ሥር ያወጣሁትን ሻንጣ፣ ባዶውን ይዤልሽ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ክሊፎርድ

ኪልቫራ፣ ሜዮ፣ አየርላንድ
ጁን 14 ቀን 2019