የዛፎችህ ጥላ

ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከግምጃ ቤት ማዶ፣ ከቤታችን

ለወንድሜ ለይሄነው ደሴ
ጅቡቲ

ወንድም ዓለም፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ከኅዳር ጀምሮ የደበቅሁት ነገር አለ፤ አንተን ብቻ ሳይሆን ሰውን ሁሉ ደብቄያለሁ። አሁንም እንዴት እንደምጽፈው በደንብ አላውቅም።

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህን እንዴት አድርጎሃል? ያ የባሕር ሙቀት ትንሽ ቀለል አለልህ? ከረጢት ስትሸከም ያመመህ ትከሻህስ ተሻለው? እህል ይስማማሃል? አብረውህ የሚያድሩት የቻግኒ ልጆች ደኅና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። አባን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ከሥራ አልቀረም። ድንቹን አውጥተን ጨርሰናል። ፈረሱም ደኅና ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ ያልነገርሁህ አባ ሁልጊዜ ከጎኔ ስለሚቀመጥ ነው። ሰው ባለበት ድምፄ እንደማይወጣም ታውቃለህ። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ዛፎቼ እንዴት ናቸው?" ብለህ ነው፤ እኔም "ደኅና ናቸው" እልሃለሁ። እውነትም ደኅና ናቸው። የሌላው ሰው የከሰል ዛፍ፣ ዲከረንሱ፣ በበሽታ ሲደርቅ ያንተ አንድም አልተነካም። ከቤታችን ጣሪያ አልፈው የጤና ኬላውንም ጣሪያ በልጠውታል። መከራው የመጣው ከዚሁ ነው።

በ2013 ሰኔ ላይ ስትተክላቸው እስከ ጤና ኬላው አጥር ድረስ ነበር ያስጠጋሃቸው። የቀበሌው ሰዎችም "ነፋስ ይከላከልልናል" ብለው አመሰገኑህ። የጤና ኬላው ሶላር የመጣው አንተ ከሄድህ በኋላ ነው። የመብራት ሽቦው እንደሆነ በላያችን አልፎ ወደ ከተማ ይሄዳል እንጂ ለእኛ አይወርድም። ክትባት በሳጥን በእግር ይመጣ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ይቀራል። ስለዚህ ሶላሩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የክትባቱ ፍሪጅ ሥራ ሲጀምር ሴቶቹ እልል አሉ። የገጠመው ባለሙያ ዛፎችህን አይቶ አባን "እነዚህ ይቆረጣሉ አይደል?" አለው። አባም ስቆ "ልንቆርጣቸው አይደል የተከልናቸው!" አለው። ሰውየው ከማደጋቸው በፊት ማለቱ ነበር፤ አባ ደግሞ ለከሰል ሲደርሱ ማለቱ ነበር። ተጨባብጠው ተለያዩ።

ከስምንተኛ ክፍል ከቀረሁ ወዲህ ጤና ኬላውን የማጸዳው እኔ ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ትዕግስት ቤት ለቤት ስትዞር ፍሪጁንም እኔ አያለሁ። በመሰላል ወጥቼ ከሸለቆው የሚመጣውን የከሰል ጥቀርሻ ከሶላሩ ላይ እወለውላለሁ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩን አይቼ ግድግዳው ላይ ባለው ወረቀት እጽፋለሁ። ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ክትባቱ ይበላሻል፤ አንዴ ከሞቀ መልሶ ቢቀዘቅዝም አይድንም። ትዕግስት "ያን ቀን ሩጠሽ ንገሪኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም" ብላኝ ነበር።

በኅዳር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል የዛፎችህ ጥላ ሶላሩ ጫፍ ላይ ወጣ። መጀመሪያ መዳፌን ያህል ነበር። በሳምንቱ ግማሹን ያዘው። በወሩ መጨረሻ ከረፋዱ ጀምሮ ሙሉውን ይሸፍነው ጀመር። ለአባ ነገርሁት። "ድንች በጥላ ይቀጭጫል እንጂ መስታወት ምን ይሆናል?" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለተኛ ስነግረው ግን አልሳቀም። "አንድ ዓመት ነው የቀራቸው። ልጄ በሰው አገር ወገቡ እየጎበጠ እኔ ዛፉን ቆርጬ ልጠብቀው? ዳግመኛ እንዳታነሺው" አለኝ። አላነሣሁትም።

በዚያው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ ዘጠኝ አለ። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆምሁ። ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ መልሱም ያንተ ዛፍ ነው። ስድስት ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሆነ። ትዕግስት ከደጅ ሆና "ማናሌ፣ ስንት ነው ዛሬ?" ስትለኝ "ስድስት" አልኋት። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ጠዋት ፍሪጁን ስትከፍተው ቀዝቅዞ ታገኘዋለች። እውነተኛውን ቁጥር ግን በየቀኑ በአሮጌው የሳይንስ ደብተሬ ጀርባ ጻፍሁት። ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም። ይህ የምታነበው ወረቀት ከዚያው ደብተር የተገነጠለ ነው።

ጎረቤታችን ወርቅነሽ፣ ስንት ዓመት ልጅ አጥታ የኖረችው፣ አንተ ከሄድህ በኋላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። እንቁ ነው ስሟ። በታኅሣሥ ለኩፍኙ ክትባት አዝላት መጣች። ልጅቱ ስትወጋ ጮኸች፤ ወርቅነሽ ደግሞ "አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ እንዳታድጊ የሚያደርግሽ መስሎሻል?" እያለች ትስቅባት ነበር። እኔ በሩ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ኩፍኙ ከጥምቀት በፊት ገባ። ያልተከተቡት ታመሙ፤ የተከተቡትም ታመሙ። ሌሎቹ ዳኑ። እንቁ በቃና ዘገሊላ ዕለት ዐረፈች። ሰዉ ታቦት አስገብቶ ሲመለስ በዚያው ልብሱ ወደ ቀብር ሄደ። ትዕግስት "ደኅናው ክትባትም አንዳንድ ልጅ ላይ ላይዝ ይችላል" ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ግን እንቁ ከተወጋችበት ዕለት በፊት በነበሩት ቀናት በደብተሬ የጻፍሁትን ቁጥር አውቀዋለሁ።

ከዚያ ከወረዳ አጣሪዎች መጡ። በጠዋት ስለመጡ ጥላው ገና አልወጣም። ክትባቱም አልቆ ፍሪጁ ባዶ ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አምስት፣ ስድስት፣ አምስት ይላል። "ፍሪጁ እንከን የለበትም፤ ጥፋቱ የወጊዋ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ በአማርኛም በአውኚም የሚያወራው አንድ ነው፤ "ውኃ ነው የወጋቻቸው፤ መድኃኒቱን ዳንግላ ወስዳ ቸብችባዋለች" ይላሉ። ውኃ ስትቀዳ ቀድመዋት የቆሙት ሴቶች "ተጠንቀቁ፣ መርፌዋ መጣች" ብለው ገለል ይሉላታል። ትዕግስት ትናንት "ማናሌ፣ እጄ ንጹሕ እንደነበር አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ አይደል?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ። ትዕግስት ከቀበሌው እንድትወጣና እንድትከሰስ ፊርማ ይሰበሰብባታል። በሳምንቱ ደግሞ አዲስ ክትባት ይገባል አሉ። እሱም እዚያው ጥላ ሥር ይገባል።

ወንድም ዓለም፣ እውነቱ ከወጣ ዛፎችህ ይቆረጣሉ። ገና ቀጭን ስለሆኑ ከሰል አይወጣቸውም፤ ለማገዶ ቢሆኑ ነው። በከሰሉ ገንዘብ ትመለስበት የነበረው ጊዜ ይርቃል። ትከሻህን ሳስብ ነው ወረቀቱን የምቀደው። ከተቀየምኸኝ አልፈርድብህም። ጥላው የዛፍህ ነው፤ ስድስት ብሎ የጻፈው እጅ ግን የእኔ ነው። አንተ ስትተክል ሶላር የሚባል አልነበረም።

ደብዳቤውን ነጋዴው ሸዕባን ጅቡቲ ለሚመላለስ ሾፌር ወንድሙ ይሰጥልኛል። እማ ሰላም ብላሃለች፤ የሰደድህላት ነጠላ ለቅሶ ላይ ነው የተለበሰው። ትንሿ እህታችን ምሥራቅ "ይሄነው መቼ ይመጣል?" እያለች በር በሩን ታያለች። እሷ የተከተበችው ዛፎቹ አጫጭር ሳሉ ነው፣ ደኅና ናት። አባ መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ሰላም ይልህ ነበር። ለቻግኒ ልጆች ለእያንዳንዳቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ። እዚያ ልጅ ያለው ካለ ልጁን አስከትብ በለው።

ነገ ደብተሩን ይዤ ስብሰባው ላይ እቆማለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ ለትዕግስት እሰጣትና እሷ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ከዚያ በፊት ግን፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ ወደ ወርቅነሽ ቤት እሄዳለሁ። ከሰው መሐል ሆና እንድትሰማው አልፈልግም። ምን ብዬ እንደምጀምር አላገኘሁም። በሯን ግን አንኳኳለሁ።

እህትህ ማናለብሽ ደሴ