ስዕሉን ለእማዬ

ወዳጄ፣ በዚህ ፖስት ካርድ ላይ የተሳለው ሰማያዊ ሰማይ እንዳያታልልህ። እዚህ ባሕር ማዶ ሆስፒታል ውስጥ ከወንድሜ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በመስኮት ያየሁት ደመና ብቻ ነው፤ ወገቤ አለቀ። የደጃፋችን ጥርት ያለ ሰማይ ናፈቀኝ።

ትናንት አጠገቡ የተኙት ጡረተኛ የቋንቋ መምህር፣ «ሰማይ ማለት የሆነው ስካይ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች የተወሰደ ነው፤ ጥንት ደመና ማለት ነበር» አሉን። እንግሊዝኛ አስተማሪው ወንድሜም፣ «ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ስካይን ለተማሪዎቼ ስስል ሰማያዊ ጠመኔ ስጨርስ ምነው ዝም አላችሁኝ!» ብሎ ሳቀ። ከመጣን ወዲህ ሲስቅ ገና ማየቴ ነው።

ሐኪሙ ግን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «የምንችለውን አድርገናል፣ ወደ ቤቱ ውሰደው» ብሎኛል።

ቦታ አለቀብኝ፤ ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ለእማዬ ስዕሉን ብቻ አሳያት፤ ጽሑፉን አንተ ያዘው።