የሌላ ክፍል ፋሻ አይፈታም

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና ትሆኑ ዘንድ እመኛለሁ። ጤናው የጎደለ ሰው ወደ እርስዎ ግቢ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ይህ ምኞቴ ለወጉ ያህል የተጻፈ እንዳይመስልዎ።

እኔ በሴቶች መኝታ ክፍል፣ በመስኮቱ ጥግ የተኛችው አናጢ እናት ነኝ። የሥራ ባልደረቦቿ «ሚሊሜትር» ይሏታል። በር ስትሠራ ለክታ፣ ደግማ ለክታ፣ ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኟ የጣውላውን ጠርዝ እስከ ጫፉ ካላየች ምስማር አትመታም። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፤ በአናጢ እርሳሷ በጣውላ ቁራጭ ላይ እየጻፈች ነው ያስተማረችኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢሻክርብዎ የተማርሁበትን ሰሌዳ ያስቡልኝ።

የመጣንበት ነገር ትንሽ ነበር። መጋዙ ላይ የተሰበረ እንጨት ተፈናጥሮ የቀኝ ዓይኗን ቆብ ቀደደው። በማግስቱ ቆቡ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲነኩት ይፋጅ ነበርና ወደ እናንተ መጣን። ላገኘነው መስተንግዶ ምስጋናዬን በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የዓይን ክፍልን አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ያበጠውን ቆብ በጣታቸው ከፍ አድርገው በመብራት አዩና፣ «እማማ፣ ብሌኗ እንደ መስታወት ነው። ያበጠው ቆዳው ነው፤ ቆዳ ደግሞ የእኛ አይደለም» ብለው ወደ ቆዳ ክፍል ላኩን። የዓይን ቆብ የዓይን አለመሆኑን እስከዚህ ዕድሜዬ ሳላውቅ ኖሬአለሁ።

ሁለተኛ፣ የቆዳ ክፍሏን ሐኪም አመሰግናለሁ። ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ለዓይን የቀረበ ነገር እኛ አንነካም፤ ይልቅ ቁስሉ ይታሰርላት» ብለው አሰናበቱን።

ሦስተኛ፣ ቁስል የሚያስረው ነርስ እጁ ይባረክ። ቁስሉን ከላይ ከላይ አጥቦ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ወግቶ፣ ከግንባሯ እስከ ጉንጯ በነጭ ፋሻ ጠቀለላት። እንዴት ያለ ፋሻ መሰለዎ! ልጄ በመስታወት አይታው፣ «እማ፣ ይሄ ሰውዬ አናጢነት ቀርቶበታል፤ ክፍተት የሚባል አይተውም» አለችኝ። ያን ጊዜ ገና ትቀልድ ነበር።

አራተኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ የእርስዎ ነውና። ትኩሳት ሲይዛት ተመልሰን መጣን። የዓይን ሐኪሙ ፋሻውን ሲያዩ የዘረጉትን እጅ ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ በሩ ላይ በእርስዎ ፊርማ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳዩኝ። እኔም በደስታ አነበብሁት፤ ማንበብ ለእኔ አሁንም ብርቅ ነው። «በሌላ ክፍል የታሰረ ፋሻ፣ ያሰረው ባለሙያ ሳይፈቅድ አይፈታም» ይላል። ያሰረው ባለሙያ ደግሞ ዕረፍት ወጥቷል። የቆዳ ሐኪሟ፣ «ፋሻው ንጹሕ ነው፣ መግል አላሳለፈም፤ ምን አስቸኮለዎት?» አሉኝ። ልጄ «ዓይኔን ሳዞረው ያመኛል፤ ከኋላው የሚገፋው ነገር አለ» ብትልም፣ የሚሰማት ሁሉ የፋሻውን ንጽሕና እያደነቀ በማስታገሻ ክኒን ሸኘን። እቤት ልፈታው እጄን ስሰድ «ተይ እማ፣ የሰው ሥራ አይነካም፤ እነሱ ያውቃሉ» ብላ ከለከለችኝ። እሷ ሌላ አናጢ የጀመረውን በር ሳትጠይቅ አትነካም። ሆስፒታሉም እንደ አናጢ ቤት መስሏት ነበር።

አምስተኛ፣ ፋሻውን የፈቱትን ሐኪም እግዜር ይስጣቸው። ሕመሙ ሲብስባት ለሦስተኛ ጊዜ ስንመጣ ያገኘናቸው እሳቸውን ነው፤ በቅርብ ተዛውረው የመጡ ስለሆኑ ማስታወቂያዎን ገና አላነበቡትም ነበር። በወጣትነታችን እውነት መናገራችንን ለማስረዳት «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለን እንምል ነበር። ፋሻው ሲወርድ የልጄ ዓይን ወደ ፊት ተገፍቶ፣ እብጠቱ ከግንባሯ ጋር እኩል ሆኖ አየሁት። ከዚያ ወዲህ በዚህ አልምልም። ሐኪሙ ጣታቸውን አቁመው «ተከተይው» ሲሏት ግራ ዓይኗ ሄደ፣ ቀኙ ባለበት ቀረ። የጠርሙስ ቀይ ክዳን ሲያሳዩዋት በቀኟ ቡናማ ሆነባት። «ቆቡ ላይ ሳለ ቢያዝ በክኒን ይመለስ ነበር፤ አሁን ከዓይኑ ኋላ ገብቶ የማየት ነርቩን ተጭኖታል» አሉኝ። ወዲያው በደም ሥሯ መድኃኒት ተጀመረ፣ ደሟና መግሏ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ፣ ሲቲ ስካን ተነሣች፣ ከዚያም ቀዶ ጥገና ገባች። ከመግሉ ጋር የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስንጥር ወጣች። ያ ሁሉ ነጭ ፋሻ ለካ ስንጥሯን ከሐኪም ለመጠበቅ ኖሯል።

ልጄ ነፍሷ ተርፏል። ብሌኗም አሁንም እንደ መስታወት ነው፤ የመጀመሪያው ሐኪም አልዋሹም። ከመስታወቱ ወዲያ ግን ጭጋግ ነው፤ ይግፈፍ አይግፈፍ ገና አልታወቀም። ትናንት ግራ ዓይኗን ጨፍና የአልጋውን የብረት ጠርዝ በቀኟ ስታይ ደረስሁባት። «እማ፣ ጠማማው ይሄ ብረት ነው ወይስ እኔ?» አለችኝ። ብረቱ እንደ ክር የቀና ነበር። «ብረቱ ነው» አልኋት። ስለዚህ የሆስፒታሉን ንብረት በሐሰት በማማቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሌላ የምለምንዎ ያንን ወረቀት ከየበሩ እንዲያነሡልኝ ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ጅቡ አልሄደም፤ ትናንትም ፋሻ የታሰረ ሰው በዚያው ኮሪደር ተቀምጦ አይቻለሁ።

ጀርባዋ ከኮሪደርዎ ግድግዳ ጋር የተላመደ፣ ደጅ መጥናት እንጂ መቸኮል የማይፈቀድላት አክባሪዎ፣

የሚሊሜትር እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ አስቤ ነበር። በኋላ ግን በእርስዎ ቤት አንዱ ያሸገውን ሌላው እንደማይከፍት ትዝ ስላለኝ፣ ሁሉ እንዲያየው በግልጽ አወጣሁት። እርስዎም ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊያነቡት ይችላሉ።