የተቃናው በርጩማ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ዳገቱን መውጣት ቻለልሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየያዝሽ ነው? ባለቤትሽ እንዴት ናቸው፣ ያ ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጆቹስ፣ የልጅ ልጆቹስ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ባለፈው ደብዳቤሽ "ደህና ነኝ የምትዪው ነገር አያሳምነኝም" ብለሽ ተቆጥተሽኛል። እውነትሽን ነው። ዛሬ ሳልሸፋፍን እጽፍልሻለሁ፤ ፈርቻለሁ፣ እታለም።

ዋናው መንገድ አንቺ ያየሽው አይደለም። አጫጭር ቤቶቻችን ቦታ ይፈጃሉ፣ በመንገዱ ዳር ብዙ ሰው መኖር አለበት ተብሎ ረድፋችን እየፈረሰ ነው። ከፊት ለፊት ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ለእኛ ለአረጋውያን የተሠሩ ክፍሎች። ቤቱን የለቀቀ ክፍል ይሰጠዋል። ክፍሎቹን ልወቅስ አልችልም፤ ብርሃን አላቸው፣ ውሃው ይሞቃል፣ መታጠቢያው ውስጥ ሰው የሚደገፈው ብረት አለ። ግን በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሲዘጉም ድምፅ አያሳልፉም። እኛ ደግሞ አንዱ ሲያስነጥስ በግድግዳ አሻግረን "ይማርህ" ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን።

የበርጩማችንን ነገር ታስታውሻለሽ? መጥተሽ የሰነበትሽ ጊዜ ስቀሽብን ነበር። ማታ ማታ እያንዳንዳችን ደጃፋችን ላይ ያለውን በርጩማ ደፍተነው እንገባለን፤ ጠዋት የተነሣ ሰው ያቃናዋል። ፀሐይ ሞቅ ብላም እንደተደፋ ከቆየ ጎረቤት ያንኳኳል። ይኸው ነው። ብቻችንን የምናድር ሰዎች ስለሆንን እንደዚያ እየተያየን ኖርን።

መጀመሪያ ወደ ሕንጻው የገባችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ናት፤ ምላሷ ስለሚቆርጥ መቀስ የምንላት። "እኔ ወደ ሰማይ በሊፍት ልሄድ ነው፤ እናንተ በእግራችሁ ድረሱ" ብላን ገባች። በርጩማዋን ግን አልተወችም፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ በሯ ሥር አኖረችው። ሌሎቹም ተራ በተራ በርጩማቸውን ይዘው ተከተሏት። እኔ ብቻ ቀረሁ። ሊፍቱን ፈርቼ ነው እላለሁ፤ እሷ ደግሞ "ሊፍቱ አንቺን ነው የሚፈራሽ፣ ዓይንሽን ስታፈጥጪበት" ትለኛለች።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። ደረጃውን እየተነፈስኩ ወጣሁና በርጩማዋን አየሁት። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀስ ብዬ አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ተነሥታለችና ወደ ሱቅ ወርዳ ይሆናል አልኩ። መለስ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ መጽሐፌንም ገለጥኩ።

እታለም፣ እሷ ወለሉ ላይ ነበረች። ገና ሳይነጋ ከአልጋዋ ስትወርድ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ሲዘጋ፣ ከአልጋው ሥር ያገኘችውን መቀስ ይዛ ወለሉን ትመታ ነበር። ከሥሯ ያሉት ጡረተኛው ሾፌር ቀኑን ሙሉ የግንበኞች መዶሻ መስሏቸው፣ ሠራተኞቹ ሲመሽ ሄደው መዶሻው አልቆም ሲል ነው ደንግጠው በሩን ያስከፈቱት።

በርጩማውን ያቃናው ዘበኛው ነው። ደግ ሰው ነው፤ በየማለዳው ኮሪደሩን ሲጠርግ የተደፉትን በርጩማዎች ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ፣ አቧራቸውን እየጠረገ ያቆማቸዋል። ሽማግሌዎቹ ወገባቸው እምቢ ስላላቸው በርጩማዎቹ ወድቀው የቀሩ መስሎት። እነሱ ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ሲያደርግ ከርሟል፤ የተነሣው ሁሉ ጎረቤቱ ያቃናለት ይመስለው ነበር፤ እኔም ቀጥ ብለው ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩን የነገረው ስለሌለ ምን ይወቅ? ስነግረው መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። "እማማ፣ እኔ የወደቀ ማንሣት ጽድቅ መስሎኝ" አለኝ። ምን ልበለው፣ እታለም? እኔ በሩ ድረስ ሄጄ የተመለስኩት!

ባለቤቴ ከጓዳ የተጣራ ቀን፣ ገጹን ልጨርስ ብዬ "መጣሁ" እንዳልኩትና ስደርስ በሕይወት እንዳልጠበቀኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ማታ ማታ ማንበብ ለመማር ፊደል ለብቻዬ ስቆጥር እሱ ነበር መብራቱን የሚያስጠጋልኝ። የዚያን ቀን ነገር አልደግምልሽም። ግን አሁን መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር የመቀስ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀና ብዬ አዳምጣለሁ፣ የለም።

ሆስፒታል ስጠይቃት አልወቀሰችኝም። "በርጩማዬን አይተሽ ሄድሽ አይደል? እኔም ብሆን እሄድ ነበር" አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መለስ ብላ ደግሞ፣ "ከፊት ለፊቴ ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ ጆሮ ካለሽ ነይ" አለችኝ።

እስከ ቅዳሜ መልስ እንድሰጥ ተነግሮኛል፤ ወይ ክፍሉን እወስዳለሁ፣ ወይ አንቺ እንዳልሽኝ ጠቅልዬ ወደ አንቺ እመጣለሁ። ወደ አንቺ መምጣት ምን ያህል እንደምመኝ ምን ብዬ ልጻፍልሽ። እዚህ በግራም በቀኝም ቤት የለም። ቤቶቹን የሚያፈርሰው ማሽን ሲሠራ ኩባያዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ማታ ጸጥ ሲል ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ በርጩማዬን አቃናሁ። ማን እንዲያየው? አንድ የቀን ሠራተኛ መጥቶ ተቀመጠበትና ውሃውን ጠጥቶ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" ብሎኝ ሄደ። ሳቄም እንባዬም መጣ።

ክፍሉን ልወስደው ነው። አትቆጪኝ። ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ፎቁን እፈራለሁ፣ ሊፍቱን እፈራለሁ፣ ከሁሉ በላይ እነዚያን ድምፅ የማያሳልፉ በሮች እፈራለሁ። ግን መቀስ ከሆስፒታል ስትወጣ ከበሩ ማዶ ሰው ያስፈልጋታል። በርጩማ አይቼ አልመለስም፤ አንኳኩቼ ስድቧን ካልሰማሁ ዘበኛውን ጠርቼ አስከፍታለሁ። እሷም እንዲሁ ታድርግልኝ።

አንቺንም አንድ ነገር ልለምንሽ። ደብዳቤዬ ከዘገየ ወይም "ደህና ነኝ" ብቻ ብዬ ከጻፍኩልሽ፣ ደህና ናት ብለሽ አትለፊኝ። እንደ ባለፈው ተቆጪኝ።

ለባለቤትሽ ጉንጭ ለጉንጭ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳላቸውን ችላ እንዳይሉት። ለታላቋ ልጅሽ፣ የላከችልኝ መነጽር ልኬ እንደሆነ ንገሪያት። ለአስተማሪው ልጅሽና ለሚስቱ ሰላም በይልኝ። መንታዎቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ደግሞ ተኝቶ ሳለ ሳሚው፣ ነቅቶ እያለ እንደማይያዝልሽ አውቃለሁ።

እህትሽ

ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከቀረው ቤት
ኅዳር ፲፱ ቀን